ለዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ኢሜይል ምን ያህል ያስተማምናል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማመልከቻ የሚያስገቡ፣ ትራንስክሪፕት የሚያስልኩና የምረቃ ጉዳይ የያዛቸው ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት እዚህ ተሰብስቧል።

ኢሜይሉን ልኬ «ተልኳል» ይላል። ደርሷል ማለት ነው?

አይደለም። «ተልኳል» ማለት ከእርስዎ እጅ ወጥቷል ማለት ብቻ ነው። መልእክቱ ከጂሜይል ወይም ከሌላ አገልግሎት ተነሥቶ የዩኒቨርሲቲው ሰርቨር (ኢሜይል የሚቀበለው ኮምፒውተር) ጋ ይሄዳል። ሰርቨሩ ከተቀበለው በኋላ ማጣሪያው ያየዋል፤ ማጣሪያው ካሳለፈው የሬጅስትራሩ የኢሜይል ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ እዚያም ሰው ከፍቶ እስኪያነበው ይቀመጣል። ስልክዎ የሚያሳይዎት ከእነዚህ ሁሉ የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

«ተነቧል» የሚለው ማረጋገጫም ብዙ አያራምድም። ተቀባዩ ሊከለክለው ይችላል፤ በግል ጂሜይል ላይ ደግሞ ጨርሶ የለም። በመልእክቱ ውስጥ ስውር ምስል አስገብተው «ተከፍቷል» የሚሉ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ነገር ግን ምስሉን የከፈተው የዩኒቨርሲቲው ማጣሪያ ሆኖ ሳለ ሰው ያነበበው ሊመስልዎት ይችላል። የሚታመነው ሰው ጽፎ የመለሰው «ደርሶናል» ወይም የማመልከቻው ሥርዓት የሰጠዎት የመዝገብ ቁጥር ነው። እሱ እጅዎ እስኪገባ ድረስ ጉዳዩ እንዳላለቀ ይቁጠሩት።

ካልደረሰ ተመልሶ ይመጣ የለም እንዴ?

ብዙ ጊዜ ይመጣል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። አድራሻው የሌለ ከሆነ «ሜይለር ዴመን» ከሚባል ላኪ 550 የሚል ቁጥር ያለበት መልእክት ወዲያው ይደርስዎታል። በ5 የሚጀምር ቁጥር ካዩ ሰርቨሩ ቁርጡን ነግሮዎታል፣ አይቀበልም። በ4 የሚጀምረው «ቆይተህ ሞክር» ነው፤ ያን ጊዜ የላኪው ሰርቨር በራሱ ደጋግሞ ይሞክራል። የኢሜይል አሠራር ደንቡ ተስፋ ከመቁረጡ በፊት ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀን እንዲሞክር ይመክራል። ስለዚህ ሰኞ የላኩት ማመልከቻ አርብ ዕለት «ማድረስ አልተቻለም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። የማመልከቻው ጊዜ ረቡዕ ያበቃ ከነበረ፣ ማስጠንቀቂያው የመጣው ከረፈደ ነው።

የሚከፋው ድምፁን አጥፍቶ የሚቀረው ነው። ማጣሪያው አደገኛ ነው ያለውን መልእክት ለላኪውም ለተቀባዩም ሳይናገር ሊያግተው ይችላል። አንድ ፊደል ተሳስተው የጻፉት አድራሻ የሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝም እንዲሁ ነው፤ መልእክቱ በሰላም ይደርሳል፣ የደረሰው ግን ለማያውቁት ሰው ነው። አድራሻን ከወረቀት እያዩ በእጅ መጻፍ ለዚህ ነው የማይመከረው፤ ከዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ኮፒ ያድርጉት።

የዩኒቨርሲቲ መልእክት ለምን ስፓም (የአይፈለጌ መልእክት ሳጥን) ውስጥ ይገባል?

ኢሜይል የተሠራው ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ዘመን ስለሆነ የላኪውን ማንነት የሚያጣራበት መንገድ አልነበረውም። የአሠራር ደንቡ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። የማንነት ማረጋገጫዎቹ (ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ የሚባሉት) የተቀጠሉበት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ጂሜይልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ በብዛት የሚልኩ ተቋማት ሦስቱንም እንዲያሟሉ ማስገደድ ጀመሩ። ይህን በሥርዓቱ ያላስተካከለ ዩኒቨርሲቲ፣ ስሙ የቱንም ያህል የተከበረ ቢሆን፣ መልእክቱ ከሎተሪ ማጭበርበሪያ ጎን ይሰለፋል።

መልስ በሚጠብቁበት ሰሞን የስፓም ሳጥኑን በየቀኑ ይክፈቱ። ጂሜይል እዚያ የገባውን ከ30 ቀን በኋላ ራሱ ያጠፋዋል። የዩኒቨርሲቲውን አድራሻ አስቀድሞ በስልክ ማውጫዎ ውስጥ መመዝገብም ይረዳል።

በየትኛው አድራሻ ልጠቀም? በግሌ ወይስ ዩኒቨርሲቲው በሰጠኝ?

በትምህርት ላይ ሳሉ ዩኒቨርሲቲው በሰጠዎት። የአሜሪካና የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች በተለይ በመመሪያቸው ይፋዊ መገናኛችን የተማሪው የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ነው ይላሉ፤ እዚያ የተላከ ነገር ቢያነቡትም ባያነቡትም እንደደረሰዎት ይቆጠራል። ወደ ግል ጂሜይል በራሱ እንዲተላለፍ ማድረግ ምቹ ይመስላል፤ ነገር ግን የተላለፈ መልእክት የላኪው ማረጋገጫ መንገድ ላይ ሊበላሽና ስፓም ሊገባ ይችላል፤ አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲም ጨርሶ ይከለክለዋል።

ሲመረቁ ጉዳዩ ይገለበጣል። ጉግል ለትምህርት ተቋማት ይሰጥ የነበረውን ገደብ የለሽ ማከማቻ እ.ኤ.አ. በ2022 በአንድ ተቋም 100 ቴራባይት ላይ ሲገድበው፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የቀድሞ ተማሪዎችን ሳጥን ማጥበብና መዝጋት ጀምረዋል። የባንክ ሒሳብ፣ የቪዛ ቀጠሮ ወይም የሌላ ትምህርት ቤት ማመልከቻ በተማሪ ኢሜይል የከፈቱ ሰዎች የይለፍ ቃል ማስቀየሪያው መልእክት የት እንደሚሄድ የሚያስታውሱት ሳጥኑ ከተዘጋ በኋላ ነው። ከምረቃ በፊት ሁሉንም ወደ ግል አድራሻ ያዛውሩ። የግሉም ቢሆን ይታይ፦ የነጻው የጉግል ማከማቻ 15 ጊጋባይት ሲሆን ፎቶና ድራይቭም ይጋሩታል። በልጆች ፎቶ ከሞላ አዲስ ኢሜይል አይቀበልም፣ ላኪው ላይ ይመለሳል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ዩኒቨርሲቲ በኢሜይል ብቻ ጉዳይ ማስጨረስ ይቻላል?

ለመጠየቅ ይቻላል፤ ለማስጨረስ ግን ይከብዳል። በእኛ ቢሮዎች አንድ ጉዳይ «አለ» የሚባለው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ቀን ሲያገኝ ነው። ኢሜይል የተከፈተበት ኮምፒውተር የጸሐፊዋ ነው፣ ወይም የአንድ ኃላፊ ስልክ ነው። ኃላፊው ሲቀየር መልእክቱም አብሮት ይሄዳል። በደብዳቤ የገባው ግን ከነፊርማው፣ ከነቲተሩ ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ተተኪውን ይጠብቃል። የወረቀቱ መንገድ ያሰለቻል፤ እውነት ለመናገር ግን ለአቤቱታ የሚያገለግለው እሱ ነው። ስለዚህ የውጤት ቅሬታ፣ የዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጥ) ጥያቄ፣ የዝውውር ማመልከቻ ከሆነ በኢሜይል ቢልኩትም አንድ ኮፒ በሰው ወደ መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ በእጅዎ በሚቀረው ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን ያስጽፉ።

ማስታወቂያዎች ደግሞ ከኢሜይል ይልቅ በቴሌግራም ቻናልና በፌስቡክ ገጽ ይወጣሉ፤ የምዝገባ ቀን ሲቀየር ብዙ ተማሪ የሚሰማው ከክላስ ተወካዩ ግሩፕ ነው። ለማወቅ ጥሩ ነው፣ ለማስረጃ ግን አይሆንም፦ ፖስቱ ሊታረም፣ ሊጠፋ ይችላል፤ ተመሳሳይ ስምና ሎጎ ያለው ሐሰተኛ ቻናል መክፈትም የደቂቃ ሥራ ነው። ወደ ቻናሉ የሚገቡት ከዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ በሚወስደው ሊንክ ይሁን።

ኢንተርኔት ራሱ የሚቋረጥበት ጊዜም አለ። በሰኔ 2012 መጨረሻ አገር አቀፍ መቋረጡ ለሳምንታት ዘልቋል፤ በትግራይ ከጥቅምት 2013 በኋላ፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ሰው ለረጅም ጊዜ ያለ ኢንተርኔት ቆይቷል። ውጭ አገር ጉዳይ ያለው ሰው በደህናው ቀን ሌላ ከተማ ወይም ውጭ ያለ የሚያምነውን ዘመድ ስልክ ቁጥር ለዩኒቨርሲቲው በተጠባባቂነት ቢያስይዝ ይጠቅመዋል። የይለፍ ቃል መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው፣ እሱን አልመክርም።

ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሆኜ ትራንስክሪፕቴን በኢሜይል ማስላክ እችላለሁ?

ስካን የተደረገ ኮፒ ሊልኩልዎ ይችላሉ፤ ለራስዎ መረጃ ይሆናል፣ ለተቀባዩ ተቋም ግን አብዛኛውን ጊዜ ይፋዊ አይደለም። ይፋዊ የሚባለው ከሬጅስትራሩ በቀጥታ ለተቀባዩ የተላከው ነው፦ በታሸገና በማህተም በተዘጋ ፖስታ፣ ወይም ተቀባዩ በሚያውቀው የዩኒቨርሲቲው አድራሻ። በእርስዎ በኩል ካለፈ፣ ፖስታው ባይከፈትም እንኳ፣ የማይቀበሉ አሉ።

እዚህ ደግሞ የሚያቆመው ብዙ ጊዜ ኢሜይሉ አይደለም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ኮስት ሼሪንጉን (የትምህርት ወጪ መጋራት ዕዳውን) ሳያጠናቅቅ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይወጣለትም። ክፍያውን የሚጨርስለትና ወረቀቱን የሚቀበልለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ለዚያ ደግሞ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ የተሰጠ ውክልና ይጠየቃል። በፎቶ የተላከ ውክልና መስኮት ላይ አይሠራም። ስለዚህ መጀመሪያ ለሬጅስትራሩ በኢሜይልም በስልክም ምን ምን እንደሚፈልጉ ይጠይቁ፣ ውክልናውን አስወጥተው ይላኩ፣ ከዚያ በኋላ የትራንስክሪፕት ማመልከቻውን ወኪልዎ በአካል ያስገባ።

ኢሜይሉን እንዴት ብጽፈው ነው ሳይረሳ የሚታየው?

አንባቢው እርስዎን ፈልጎ እንዲያገኝ የሚያስፈልገውን ሁሉ ከላይ ያስቀምጡ። የሬጅስትራር ሠራተኛ በምዝገባ ሳምንት «ሰላም» ወይም «እርዳታ» የሚል ርዕስ ያለው ብዙ መልእክት ያያል። ርዕሱ እንዲህ ቢሆን ሥራው ይቀልለታል፦ «ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ስለመጠየቅ፣ ሲቪል ምህንድስና፣ የ2012 ተመራቂ፣ የመታወቂያ ቁጥር ይህ»። ስምዎን እስከ አያት፣ በላቲን ፊደል ሲሆን ልክ በዲግሪው ላይ እንደተጻፈው ያድርጉ። በፓስፖርት ላይ ሌላ ፊደል ካለ ሁለቱንም ይጥቀሱ፤ የእኛ ስም በላቲን ፊደል አራት ዓይነት ሆኖ ሊጻፍ ስለሚችል ኮምፒውተሩ አራት ሰው ነው የሚያየው።

በአንድ ኢሜይል አንድ ጉዳይ ብቻ። ሦስት ጥያቄ የያዘ መልእክት የቀላሉን መልስ ያገኝና «ተመልሷል» ተብሎ ይዘጋል። ሰላምታው አይብዛ፤ «ለተከበሩ» ብሎ ጀምሮ በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ወደ ጉዳዩ መግባት ነውር አይደለም። መጨረሻ ላይ «መድረሱን በመልስ ቢያሳውቁኝ አመሰግናለሁ» ይበሉ፤ ያቺ አንድ መስመር የጠየቁትን ማስረጃ ታመጣለች።

አባሪው አልተከፈተም ተባልኩ። ምን ሆኖ ነው?

አንዱ ምክንያት መጠን ነው። የጂሜይል ጣሪያ 25 ሜጋባይት ነው፤ ፋይል ለጉዞ ሲታሸግ በሲሶ ያህል ስለሚያብጥ 20 ሜጋባይት የሆነው ራሱ ከጣሪያው በላይ ሊሆን ይችላል። ጂሜይል ከጣሪያው በላይ የሆነውን ወደ ድራይቭ ሊንክ ይቀይረዋል፤ ፈቃዱ ካልተከፈተ ተቀባዩ የሚያየው «ፈቃድ ይጠይቁ» የሚል ገጽ ነው። ሌላው ዚፕ ነው፤ ብዙ ማጣሪያ ዚፕ ሲያይ ይጠራጠራል።

ሦስተኛው የእኛው ጣጣ ነው። ጸሐፊዎች በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የቆዩ ፎንቶች የጻፉት የአማርኛ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ቁልል ይሆናል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ አለ፤ የቆየው አጻጻፍ ግን ከየቢሮው ገና አልወጣም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ወደ ፒዲኤፍ መቀየር፣ ከዚያም መላክ። በስልክ ያነሱት የዲግሪ ፎቶ ከሆነ በስካን አፕሊኬሽን አንስተው አንድ ፒዲኤፍ ያድርጉት፤ የጠረጴዛው ጨርቅና የጣትዎ ጥላ ያለበት ፎቶ ይመለስብዎታል።

የመጨረሻው ሰዓት «11፡59 ፒኤም» ይላል። በእኛ ስንት ሰዓት ነው?

የማን 11፡59 እንደሆነ መጀመሪያ ይለዩ። በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ክረምት (የእነሱ ክረምት) ከሆነ አዲስ አበባ ላይ በማግስቱ ከጠዋቱ 1፡59 ነው፤ እነሱ ሰዓታቸውን ወደፊት በሚገፉበት በበጋ ደግሞ ከንጋቱ 12፡59። ለጉባኤ ጽሑፍ የሚጠቀሙበት «በምድር ላይ የትም» የሚባለው አቆጣጠር ከሆነ እስከ ማግስቱ ከቀኑ 8፡59 ድረስ ይሰጥዎታል።

አደጋው ያለው «5 ፒኤም» ላይ ነው። በችኮላ ከምሽቱ 5 ሰዓት ብለው ካነበቡት ስድስት ሰዓት አጡ፤ የፈረንጁ 5 ፒኤም በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ኢሜይል መንገድ ላይ ሊዘገይ ስለሚችል፣ የሚቆጠረውም ብዙ ጊዜ የደረሰበት ሰዓት ስለሆነ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይቅደሙ።

መምህሬ የድጋፍ ደብዳቤውን ልኬያለሁ ይላሉ፤ ዩኒቨርሲቲው አልደረሰም ይላል። ማን ነው እውነተኛው?

ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ። በማመልከቻ ሥርዓቱ ላይ የመምህሩን አድራሻ ሲሞሉ ሥርዓቱ ለመምህሩ ሊንክ ይልካል፤ ደብዳቤው የሚገባው በዚያ ሊንክ ነው። መምህሩ ደብዳቤውን ለቅበላ ቢሮው በቀጥታ ኢሜይል ካደረጉት ከማመልከቻዎ ጋር ላይገናኝ ይችላል። ሊንኩ ስፓም ገብቶ መምህሩ ያላዩት ከሆነም እርስዎ ከሥርዓቱ ውስጥ «እንደገና ላክ» ማለት ይችላሉ።

የኢትዮጵያ መምህራን ብዙዎቹ የሚሠሩት በግል ጂሜይል ነው፤ የዩኒቨርሲቲያቸው ሳጥን ስለሚቆራረጥባቸው አይፈረድባቸውም። የውጭ ቅበላ ቢሮዎች ግን በጂሜይል የመጣን የድጋፍ ደብዳቤ በጥርጣሬ ያያሉ፤ የተቋም አድራሻ ብቻ የሚቀበሉም አሉ። መምህሩ የተቋም አድራሻቸው የሚሠራ መሆኑን ማመልከቻው ከመጀመሩ በፊት ይጠይቋቸው። የማይሠራ ከሆነ ለቅበላ ቢሮው አስቀድመው ጽፈው መምህሩ በዲፓርትመንቱ ድረ ገጽ ላይ የሚገኙበትን ገጽ ይላኩላቸው። ደብዳቤውን ራስዎ መምህሩን መስለው በከፈቱት ጂሜይል መላክ ግን ማጭበርበር ነው፤ ሲታወቅ ቅበላውም ይሰረዛል።

«እንኳን ደስ አለህ፣ ተቀብለንሃል» የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። ልመነው?

ፖርታሉን (ያመለከቱበትን የዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ) ሳያዩ ድግስ አይጥሩ። እውነተኛ ዩኒቨርሲቲም ይሳሳታል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲዬጎ እ.ኤ.አ. በ2009 ላልተቀበላቸው ወደ 28 ሺህ አመልካቾች የእንኳን ደስ አላችሁ ኢሜይል ልኳል። ካርኔጊ ሜለን የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2015 ለ800 ያህል የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ አመልካቾች ተቀብያችኋለሁ ብሎ በዚያው ዕለት አንሥቶታል። ሁለቱም መልእክት የመጣው ከትክክለኛው አድራሻ ነበር።

ሐሰተኛው ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። የላኪ ስም ማንም እንደፈለገ የሚጽፈው ስለሆነ ከስሙ ጀርባ ያለውን አድራሻ ነክተው ይክፈቱ፣ መጨረሻውን ይመልከቱ። በእርግጥ የሚከፈል ነገር አለ፤ ለምሳሌ ለአሜሪካ የተማሪ ቪዛ (ኤፍ 1) የሚጠየቀው የሴቪስ፣ ማለትም የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ሥርዓት፣ ክፍያ 350 ዶላር ነው፤ የሚከፈለው ግን ለመንግሥት እንጂ ለግለሰብ ሒሳብ አይደለም። አይ 20 የሚባለው፣ ለዚሁ ቪዛ ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው ቅጽ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በኢሜይል መምጣቱም እውነት ነው፤ ስለዚህ በኢሜይል መጣ ብለው አይጣሉት፣ በፖርታሉ ያመሳክሩት። እንዲህ ያለ ወጥመድ ተማሪን ብቻ አይይዝም፦ በካናዳ የማክዩዋን ዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ2017 የዕቃ አቅራቢ መስሎ የባንክ ሒሳቤን ቀይሬያለሁ ያለን ኢሜይል አምነው 11.8 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ልከዋል።

የገንዘብ ድጋፍ ያለው የአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ግብዣ ከሆነና «ዛሬውኑ መልስ» ካለዎት ይጠይቁ። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት ስምምነት የፈረሙ ዩኒቨርሲቲዎች ከኤፕሪል 15፣ ማለትም ከሚያዝያ 7 በፊት ውሳኔ አያስገድዱም።

ኢሜይል በማስረጃነት ይቆጠራል?

በኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል። እውቅና አለው ማለት ግን የቢሮውን ማህተም ተክቷል ማለት አይደለም፤ በስካን የተለጠፈ የፊርማ ፎቶም የኤሌክትሮኒክ ፊርማ ሕግ የሚያውቀው ዓይነት ፊርማ አይደለም።

ስክሪንሾት አንሥቶ ዋናውን መሰረዝ የተለመደ ስሕተት ነው። ስክሪንሾት በቀላሉ ይቀነባበራል። ዋናው መልእክት ግን በየትኛው ሰርቨር፣ በስንት ሰዓት እንዳለፈ የሚናገር ራስጌ አለው። በጂሜይል «ኦሪጅናሉን አሳይ» የሚለውን ከፍተው ያውርዱትና ከሳጥኑ ውጭ ያስቀምጡት። በስልክ የተባለውንም በዚያው ቀን «ዛሬ በስልክ እንደነገሩኝ…» ብለው በኢሜይል ይጻፉላቸው፤ ካልተቃወሙ ከምንም ይሻላል።

ሳይመልሱልኝ ስንት ቀን ልጠብቅ?

አምስት የሥራ ቀን፣ ከዚያ በዚያው መልእክት ላይ አጭር ማስታወሻ። አዲስ ኢሜይል አይክፈቱ፣ የቀድሞው ቀን አብሮ ይታይ። ሁለተኛው ዝም ከተባለ ስልክ ይደውሉ፤ ሦስተኛውን ለቅርብ ኃላፊው በግልባጭ ያድርጉት። ለዲኑ፣ ለፕሬዚዳንቱና ለሚኒስቴሩ ከመጀመሪያው ቀን ግልባጭ ማድረግ ሁሉም «ሌላው ይመልሳል» ብሎ እንዲተወው ነው የሚያደርገው።

ዩኒቨርሲቲው «በኢሜይል አሳውቀንህ ነበር» ብሎ ዕድሌን ዘጋ፤ እኔ ግን ምንም አልደረሰኝም። ምን ላድርግ?

አልደረሰኝም ብሎ መማል አይበቃም፤ «ለማን፣ መቼ፣ በየትኛው አድራሻ እንደተላከ የሰርቨር መዝገቡ ይታይልኝ» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። የአይሲቲ ክፍሉ መልእክቱ ከእነሱ ወጥቶ እንደሆነ፣ የተቀባዩ ሰርቨር ተቀብሎት ወይም መልሶት እንደሆነ ማየት ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቀላል ነገር ነው፦ በምዝገባ ቅጽ ላይ በስሕተት የተጻፈ አድራሻ፣ ወይም ሞልቶ የመለሰ ሳጥን። በቅጹ ላይ አድራሻውን የሞላው ሬጅስትራሩ ከሆነ ክርክርዎ ይጠነክራል። የተላከው ወደ ዩኒቨርሲቲው የተማሪ ሳጥን ከሆነና ያልከፈቱት እርስዎ ከሆኑ ግን፣ ይፋዊ መገናኛ ነው የሚል መመሪያ ባለበት ቦታ መርታት ከባድ ነው፤ ያን ጊዜ ሕመም ወይም የኢንተርኔት መቋረጥ የመሰለ ምክንያት ካለ ማስረጃውን ይዞ ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ይሻላል።

አይዘግዩ። ማይክሮሶፍት 365 የሚጠቀም ዩኒቨርሲቲ የመልእክት መከታተያውን ወደኋላ ማየት የሚችለው እስከ 90 ቀን ብቻ ነው፤ አቤቱታው በሴሚስተሩ መጨረሻ ከገባ የሚታየው መዝገብ ላይኖር ይችላል።